«ስንመለስ» አትበል

ልጄ፣ እሑድ ዕለት ቡና ላይ ያልከኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። «ጋሼ፣ ክረምቱ ሲወጣ ከሚስቴ ጋር ወደ አርባ ምንጭ ልንወርድ ነው። ማለዳ ከተነሣን ማታ እንገባለን» አልከኝ። እንደምትገባ አልጠራጠርም። መኪናህ ደህና ናት፤ አንተም ጉልበት አለህ። ግን ምን አይታችሁ ትገባላችሁ? እኔ በዚያ መንገድ ላይ 26 ዓመት የመሥሪያ ቤት መኪና ነድቻለሁ። ጉድጓዱን ሁሉ አውቀው ነበር፤ አገሩን ግን አላየሁትም። ያየሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከባለቤቴ ጋር 9 ቀን ፈጅተን በሄድን ጊዜ ነው። በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርገን አርባ ምንጭ ወረድን፤ ከዚያ ኮንሶ ደረስን፤ የመልሱን ጉዞ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳና በዝዋይ አደረግነው። በቃል የነገርኩህን ትረሳዋለህና ጽፌልሃለሁ። ወረቀቱን ከሊብሬህ ጋር አስቀምጠው።

1. ቀን ከመቁረጥህ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቅ። የምትጠይቀው ስልክህን ሳይሆን ትናንት ከዚያ የመጣውን ሹፌር ነው። መናኸሪያ ሂድና የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌሮች ሻይ ከሚጠጡበት ተቀመጥ። እነሱ ስለ መንገድ ለወሬ አያወሩም፤ ነፍሳቸውም እንጀራቸውም እዚያው ላይ ነው። «ቆይ» ካሉህ ቆይ፤ «በዚያ በኩል ዙር» ካሉህ ዙር። ሚስት ተይዞ መንገድ አይሞከርም። ባደርክበት ከተማ ሁሉ ለነገው እንደገና ጠይቅ፤ የትናንት መልስ ለዛሬ አይሆንም።

2. ትርፍ ጎማህን በዐይንህ ሳታይ፣ በእጅህ ሳትዳስስ አትውጣ። እኛ ከመውጣታችን በፊት መኪናዋን ያስፈተሽኩበት ጋራዥ «ሁሉም ሙሉ ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። ያን ያህል ዘመን የነዳሁ ሰው ኮፈን ከፍቼ ዘይትና ውኃ አየሁ እንጂ ትርፍ ጎማውን አላወጣሁትም። በመልሱ ጉዞ ሀላባ አጠገብ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ፈትቼ ትርፉን ገጠምኩና ክሪኩን ሳወርደው ጎማው መሬት ላይ ተኛ። ባለቤቴ በቀትር ፀሐይ፣ ጥላ በሌለበት፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ 2 ሰዓት ተቀመጠች፤ እኔ ጎማውን ጋሪ ላይ ጭኜ ጎሚስታ ፍለጋ ሄድኩ። ተመልሼ ስመጣ ነጠላዋን በራሷ ላይ እንደ ጣራ ዘርግታ፣ ከሁለት እረኞች ጋር ዳቦ ስትካፈል አገኘኋት። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። ቢሆንም እግሯ ላይ የነበረውን አቧራ እስካሁን አልረሳሁትም። እንግዲህ ክሪክህ እንደሚያነሣ፣ መፍቻህ ከብሎኖችህ ጋር እንደሚገጥም ግቢህ ውስጥ ሞክር። 10 ሊትር ውኃ ጫን፤ ግማሹ ለእናንተ፣ ግማሹ ለራዲያተሩ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ደግሞ አይነካም፤ ፊታቸው የተቃጠለ ባልደረቦች ነበሩኝ።

3. መንገድህን በፀሐይ ለካ እንጂ በኪሎ ሜትር አትለካ። በሆሳዕና በኩል አርባ ምንጭ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎበዝ ነኝ ያለ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እኛ 3 ቀን ሄድንበት፤ አንድም ቀን አልተቆጨንበትም። ቀን ላይ አስፋልቱ የመኪና ብቻ አይደለም፤ የከብት ነው፣ የጋሪ ነው፣ የባጃጅ ነው፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ሕፃናት ነው። ማታ ደግሞ ይብሳል። የተበላሸ ካሚዮን መብራት ሳያበራ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፤ ሹፌሩ ለምልክት ያስቀመጠውን ድንጋይና ቅርንጫፍ የምታየው ስትወጣበት ነው። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ያለህበት ከተማ ማደሪያህ ይሁን። የምትመኘው ሆቴል 60 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢቀረውም አትሂድ። በዚያውም ልንገርህ፦ በመስቀል ሰሞን በቡታጅራ መንገድ አትውጣ። ጉራጌ ከያለበት ወደ አገሩ የሚገባበት ጊዜ ነው፤ መንገዱም አልጋውም ይሞላል።

4. «ስንመለስ» አትበል። ከምነግርህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብትለኝ ይህን ያዝ እልሃለሁ። ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን ባለቤቴን ለለቅሶ ወደ ሆሳዕና ይዣት እሄድ ነበር። የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን ጢያ ስንደርስ ምልክቱን አየችና «ትክል ድንጋዮቹ እዚህ ናቸው እንዴ? ለአንድ አፍታ እንያቸው» አለችኝ። «ስንመለስ» አልኳት። ስንመለስ መሽቶ ነበር። ሌላ ጊዜ አለፍን፣ ዘነበ። ሌላ ጊዜ አለፍን፣ ዕቃ ጭነን ነበር። ከዚያ እሷም መጠየቋን ተወች፤ እኔም መተዋን ልብ አላልኩም። እንዲህ ስንል 19 ዓመት ሄደ።

በመጨረሻ የቆምነው በዚያ በ9 ቀኑ ጉዞ ነው። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል። በታጠረ መስክ ላይ 36 ድንጋዮች ቆመዋል፤ 32ቱ ተቀርጸዋል። ሰይፍ አለ፣ ክብ አለ፣ ቅጠል የሚመስል ምልክት አለ፤ ምን ለማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ የፈታው የለም። ሕዝቡ የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል፤ ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ ዘመን ይቀድማሉ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ከዚህ መስክ ጥቂት ርቀት ላይ ማርሽ እየቀየርኩ አልፍ ነበር። አስጎብኚው ሰይፎቹ ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቁጥር ያሳያሉ እንደሚባል ነገረን። ባለቤቴ አንዱ ድንጋይ ፊት ቆማ በጣቷ እያመለከተች ቆጠረች። ከሥሩ ተቆፍሮ የተገኘው አፅም የወጣቶች መሆኑን ሲጨምርልን ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አድርጋ «እናቶቻቸው እንዴት ብለው አለቀሱ ይሆን» አለች። እኔ ሰይፍ ነበር ያየሁት፤ እሷ እናቶቹን አየች። ይህን ቃል 19 ዓመት አስዘግይቼባታለሁ።

ሳልረሳው፣ ከጢያ በፊት አዋሽ አጠገብ መልካ ቁንጥሬን ታገኛለህ። ከ1 ሚሊዮን ተኩል ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ድንጋይ ጠርበው የተዉበት ቦታ ነው፤ እሱም በ2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኗል። እዚያም ቁም።

5. ከጎንህ የተቀመጠችውን ዐይን እመን። ሹፌር የሚያየው አስፋልት ነው፤ እንዲያ መሆኑም ደግ ነው። ታዲያ «ቁም» ስትልህ «ለምን?» ብለህ አትጠይቅ፤ መኪናዋን ከመንገድ አውጥተህ ቁም። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባሃል። ወራቤን ሳናልፍ አንድ ጎጆ ፊት አስቆመችኝ፤ የተለየ ነገር አላየሁም። «ጓሮውን እየው» አለችኝ። ከቤቱ ኋላ እንሰት በመደዳ ቆሟል፤ ትንንሹ በአንድ ወገን፣ አንጋፋው በሌላ ወገን። «የዓመታት ቀለባቸውን ከነሕይወቱ አቁመውታል እኮ» አለች። ከዚያ ወዲያ እስከ ሆሳዕና የማየው ሁሉ ጓሮ ሆነ።

6. በሚሄድ መኪና ውስጥ የቤት ሒሳብ አታንሣ። ጋቢና ጠባብ ነው፤ የተቆጣ ሰው ወጣ ብሎ የሚተነፍስበት ደጅ የለውም። እኛ ከሆሳዕና እንደወጣን ለወንድሜ ያበደርኩት ገንዘብ ተነሣ። ያን ገንዘብ ስሰጥ አላማከርኳትም ነበር፤ እሷም አልረሳችም። እስከ ሶዶ ቃል አልተነጋገርንም። ዛሬ ስለዚያ መንገድ ብትጠይቀኝ የሞተሩን ድምፅ እንጂ ሌላ የማስታውሰው የለኝም። ሶዶ ስንገባ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ አቁሜ «ጥፋቱ የኔ ነበር» አልኳት። «ይህን ለማለት ሶዶ ድረስ መምጣት ነበረብህ?» ብላኝ ከመኪናው ወረደችና ለሁለታችንም ሻይ አዘዘች። ስለዚህ የሚከነክንህ ነገር ካለ ከቤት ሳትወጣ ጨርሰው። ካልሆነም መኪናህን አቁምና ተነጋገሩ።

7. አርባ ምንጭ አንድ ሌሊት አትደር፤ ሁለት እደር። ደክመህ ገብተህ በማግስቱ የምትወጣ ከሆነ ያየኸው አልጋውን ነው። ማለዳ ሴቻ ከፍታው ላይ ውጡና ቁልቁል ተመልከቱ። በስተግራ አባያ ቀላ ብሎ ይተኛል፤ ከአገራችን ሐይቆች ከጣና ቀጥሎ ትልቁ እሱ ነው። በስተቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሁለቱን የሚለያያቸውን ኮረብታ ሰው የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ባለቤቴ ድልድዩን አይታ «እንዲህ ተጠጋግተው መልካቸው አለመመሳሰሉ» ብላ ብዙ ቆየች። ከተማዋን ስም ያወጡላትን ምንጮች ወርዳችሁ እዩ፤ ከጫካው ሥር ይፈልቃሉ፤ ውኃቸው ቀዝቃዛ ነው። አዞና ጉማሬ ለማየት ጫሞ ላይ በጀልባ የምትወጡ ከሆነ በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሣል። ጀልባው ላይ ስትሆኑ እጃችሁን ውኃ ውስጥ አትንከሩ።

8. በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ይህ የድሮ ሹፌሮች ሕግ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ስትወጣ ያስፈልግሃል። ቆላው ላይ እያላበህ ትነሣለህ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋቢ ትፈልጋለህ። ሽቅቡን በሁለተኛ ማርሽ ከወጣኸው ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ውረደው። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው የፍሬን ሸራ ሽታ ይመጣበታል፤ ሽታው ከመጣ ፍሬኑ ሊሄድ ነው ማለት ነው። መኪናህ አውቶማቲክ ብትሆንም ዝቅተኛ ማርሽ አላት፤ የት እንዳለ ቤትህ ሆነህ እወቅ።

ዶርዜ ላይ ግን አትቸኩል። ቤታቸው ከቀርከሃ የተሸመነ ነው፤ ከፊት ሲታይ የዝሆን ፊት ይመስላል። አዲስ ሲሠራ ሰማይ ይነካል። ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ዝቅ ይላል። ሰዎቹ ለዚያ ብለው ቤቱን አይተዉትም፤ ካስፈለገም ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። የገባንበት ቤት በሩ ከማነሱ የተነሣ ጎንበስ ብለን ነበር የገባነው። አያትየው እዚያው ቤት ተድረው እንደገቡና ያኔ ቀና ብለው ይገቡ እንደነበር ነገሩን። ሴት ልጃቸው ደጅ ላይ የእንሰቱን ግንድ እግሯን አስደግፋ በቀርከሃ ትፍቅ ነበር። የተፋቀው ተጠቅልሎ ጉድጓድ ገብቶ ወራት ይከርማል፤ ከዚያ ቆጮ ይሆናል። ቆጮውን በእንሰት ቅጠል መሐል ጋግራ ትኩሱን ከማርና ከዳጣ ጋር አቀረበችልን። ባለቤቴ ቅጠሉ ቆጮው ላይ የተወውን መስመር በጣቷ ስትከተል አየኋት። ጓሮው ውስጥ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ። ሽሮ ሜዳ የምንገዛው ነጠላና ጋቢ ስንቱ የዶርዜ ሰው እጅ እንደሆነ ታውቅ የለ? ለባለቤቴ አንድ ነጠላ ከሸማኔው እጅ ገዛሁላት። አንተም ግዛላት፤ አትከራከር። የሰው እጅ ሥራ ለማየት ሄደህ ዋጋውን ለማራከስ መድከም ነውር ነው።

9. ሳትጠይቅ ፎቶ አታንሣ። ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ለኤግዚቢሽን አልወጣም። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ወሬ፣ ከዚያ ፈቃድ። ወደ ጨንቻ በሚወጣው ጠመዝማዛ ላይ ሕፃናት መኪና ፊት ይጨፍራሉ፤ ከመኪና ገንዘብ አትወርውርላቸው፣ ልጅ ወደ ጎማ ይሮጣል።

10. ኮንሶ ላይ ከመኪና ውረድና በእግርህ ሂድ። እርከኑ በመስኮት አይታይም። የኮንሶ ከተማ ካራት ገብታችሁ የአገሩን ልጅ አስጎብኚ ያዙ፤ ያለሱ መንደር መግባት ደጅ ሳያንኳኩ ቤት እንደመግባት ነው። ተራራው ከላይ እስከ ታች በድንጋይ ካብ ተቆርጧል፤ አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ጭቃ የለውም፣ ሲሚንቶ የለውም። 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ እየተቀባበለ ያቆየው ሥራ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። መንደሩ ውስጥ ለሞቱ ጀግኖች የቆመውን የተቀረጸ እንጨት፣ ዋካ የሚሉትን፣ ታያላችሁ። ያላገቡ ወጣቶች መንደሩን ሊጠብቁ የሚያድሩበትን ቤት፣ ሞራ የሚሉትንም፣ ታያላችሁ። ሽፈራው የተቀላቀለበትን ኩርኩፋ ቅመሱ።

እኛ ግን ከሁሉ አብልጠን የተቀመጥንበት አንድ የፈረሰ ካብ አጠገብ ነው። አንድ ሽማግሌ ዝናብ የደረመሰውን ይጠግኑ ነበር። ድንጋይ ያነሣሉ፣ በእጃቸው ያገላብጣሉ፣ ቦታው ላይ ያስቀምጡታል። ካልገጠመ ጠርበው አያስገድዱትም። ወደ ጎን ያኖሩታል፤ ለሌላ ቦታ ይሆናል። ከዚያ ሌላ ያነሣሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለን አየን። ቋንቋቸውን አናውቅም፤ እሳቸውም የኛን አያውቁም። ባለቤቴ በመጨረሻ አንድ ድንጋይ አንሥታ ሰጠቻቸው። ተቀብለው አገላበጡት፣ አስቀመጡት፣ ገጠመ። ያን ጊዜ የሳቀችው ሳቅ ከተጋባን ወዲህ ከሰማኋቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። በማግስቱ ለመሄድ ያሰብንበት ሌላ ቦታ ነበረን፤ ሰርዘን እዚያው ዋልን። ዕቅድህን እንዲህ ለመሰረዝ የተዘጋጀህ ሁን።

11. ደብተር ያዙ። ፎቶው ስልክ ውስጥ ይጠፋል። ባለቤቴ በየማታው በአንድ ገጽ የወጣውን ብር፣ በሌላው ያየችውን ትጽፍ ነበር። ይህን ወረቀት ስጽፍልህም ያ ደብተር አጠገቤ ነው።

12. የመልሱ ጉዞ መንገድ ነው እንጂ ቤት አይደለም። ብዙ ሰው መኪናውን ወደ አዲስ አበባ ካዞረ በኋላ ልቡ ቀድሞ ይገባና ያለፈበትን አያይም። አደጋውም የሚበዛው ያኔ ነው። ሐዋሳ ስትደርሱ ማለዳ ወደ አሞራ ገደል ሂዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ያወርዳሉ፤ ልጆች ይበልታሉ፤ አባ ኮዳዎቹ እንደ ዳኛ ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ አሉ፤ እናንተ ግን የተጠበሰውን ወይም ሾርባውን ያዙ። መዋኘት ካማራችሁ ላንጋኖ ቆዩ፤ ውኃው ቡናማ ነውና አትጠራጠሩ፣ ቀለሙ ከአፈሩ ነው። ከመንገዱ በስተግራ ሻላና አቢጃታ አሉ። ሻላ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው። አቢጃታን ግን ሳይ አዘንኩ። በወጣትነቴ ፍላሚንጎው ዳርቻውን ሮዝ አድርጎት አየው ነበር፤ አሁን ውኃው ሸሽቶ ነጭ ሜዳ ሆኗል። የሚመግበው የቡልቡላ ውኃ ከላይ ለመስኖ ይቀዳል፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ይወሰድ ነበር። «በኋላ አየዋለሁ» ያልኩት ሐይቅ ነበር።

አንድ የቀረ አለ። ዝዋይ ስንደርስ ባለቤቴ ሐይቁ መሐል ያሉትን ደሴቶች አይታ ቱሉ ጉዶን ጠየቀችኝ። የዛይ ሕዝብ የሚኖርበት፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ቆይታበታለች የሚባለው ገዳም፣ ደብረ ጽዮን፣ ያለው እዚያ ነው። ጀልባው ሰዓት ይፈጃል ተባለ። ዘጠነኛው ቀን ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። «ሌላ ጊዜ» አልኳት። ከጢያ በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ አሁንም አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጉልበቷ ታሟል፤ ከጀልባ መውጣትና መውረድ አትችልም። ስለዚህ ልጄ፣ ዝዋይ ስትደርሱ አንድ ቀን ጨምሩና ደሴቲቱን እዩ። ስትመጡም ቤታችሁ ሳትገቡ በእኛ በኩል እለፉ፤ ያያችሁትን ሁሉ ቁጭ ብላችሁ ንገሯት።